ግማሹን የተረጎመው ሰው

ሐረር፣ ጀጎል
መስከረም 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ መብሩካ ዩሱፍ፣ ዓደን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ እጅዎ ስትገባ እርስዎን በጤና፣ ቤትዎን በሰላም ታግኝልኝ። ባለቤትዎ ሐጂ ዐብዱልመሊክ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ትንሿ ፈሂማ ቁርአኗን የት አደረሰች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የቤታችን ጣሪያ በክረምቱ ትንሽ አፍስሶ ነበር፣ አስጠግኜዋለሁ። ሐጂው የላኩልኝ የስፌት መኪናም እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ይሠራል። እኛ ልብስ ሰፊዎች በምንደረደርባት በመኪና ግርግር መንገድ ከሩቅ የምትሰማው ያንተ ናት ይሉኛል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ሌላ ነገር አለ። የከተማው የቴአትር ማኅበር ለሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ ለድል ቀን፣ የጣሊያንን ዘመን የሚያሳይ ታሪካዊ ቴአትር አዘጋጅቷል። ጽሑፉን የጻፈው መምህር ኪዳነወልድ የሚባል ከግንቡ ውጭ ባለው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ነው። የጣሊያን መኮንን ልብስ ሊያሰፋ ሱቄ መጣ። ከጎረቤቴ ጋር በጨርቅ ዋጋ ስከራከር ሰማኝና «አንተ ሰው፣ ይህን ድምፅ ይዘህ ቁልፍ ስትተክል ትውላለህ?» አለኝ። በማግሥቱ አዳራሹ ወሰደኝ።

ካፒቴኑን የሚጫወተው ወርቁ ነው፤ የፖሊስ ሙዚቀኛ ነው፣ ፊቱን ዱቄት ይቀባሉ። እስረኛውን የሚጫወተው ለማ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው። የቀረው የአስተርጓሚው ቦታ ነበር። ቀድሞ የተሰጠው ሰው «እናቴ ትረግመኛለች» ብሎ ጥሎት ሄዷል፤ ሌላውም ሁሉ ሸሸ። እኔ እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ቴአትሩ የሚያወራው በባቢሌ መንገድ ስለነበረው ካምፕ ነው። አባታችን ስለገባበት። እርስዎን ሳልጠይቅ መወሰኔን ይቅር ይበሉኝ። እኔ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከአባቴ የማስታውሰው የሙጫውን ሽታ ብቻ ነው። እርስዎ የሚያስታውሱትን ይጻፉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ዐብዱናስር ዩሱፍ

*

ዓደን
ጥቅምት 18 ቀን 1958

ለምወድህ ወንድሜ ለዐብዱናስር

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ክፉ ከሚያይህ ዓይን ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን፤ ከተማው ግን ደህና አይደለም። በየመንገዱ የእንግሊዝ ወታደር ቆሟል፣ ቦምብ የማይፈነዳበት ሳምንት የለም፣ ፖስታም እንደ ልብ አይወጣም። ይህን እንደ ሁልጊዜው የምነግረው እኔ፣ የሚጽፈው የሐጂው ጸሐፊ እንደሻው ነው። ያንተንም የሚያነብልኝ እሱ ነው።

ከሰው ቦታ ሁሉ የባንዳ ቦታ ለቅመህ ያዝክ? እናታችን አይ መርየም በሕይወት ብትኖር ምን ትልህ ነበር? ሰው ቴአትርና እውነት የሚለይ ይመስልሃል? ነገ ሚስት ብትፈልግ «ያ ባንዳው» ይሉሃል። ካደረግኸው በኋላ የጠየቅኸኝ ስለሆነ ግን አላስቀርህም።

የማስታውሰው ይህ ነው። እኔና እናታችን በየቀኑ ምግብ ይዘን ካምፑ በር ድረስ እንሄድ ነበር። ዘበኛው ሳህኑን ተቀብሎ ይገባል፣ ባዶውን ያመጣልናል። ባዶ ሳህን ስናይ ደስ ይለናል፤ በላ ማለት ነው። አንድ ቀን ሳህኑን እንደ ሞላ መለሱልን። እናቴ ክዳኑን አንስታ አየችና መልሳ ከደነችው። ገድለውት ነበር፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ «አው ዩሱፍ አምኗል» አለ። የሸፈቱትን ሰዎች ደብዳቤ በመጽሐፍ ጥራዝ ውስጥ ደብቆ ያሳልፍ ነበር፣ ሲጠየቅ በገዛ አፉ አመነ አሉ። ስንቱ ሰው በሱ አፍ ተይዞ ይሆን እያሉ የሚያሙም ነበሩ። እናታችን እስክትሞት «አንድ የመጽሐፍ ጠራዥ ምን ብሎ ያምናል?» ስትል ኖረች። በካምፑ የነበረ ሰው በሕይወት ካለ ፈልገህ ጠይቅልኝ። አባታችን ያለውን እወቅ። ሁሉንም ጻፍልኝ፣ አሳዝናታለሁ ብለህ አትሸፍንብኝ።

ሐጂው ሰላም ይሉሃል። ቴአትር የሥራ ፈት ነገር ነው ብለው ሳቁ። የትኛው ካምፕ እንደሆነ ግን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

እህትህ መብሩካ

*

ሐረር
ኅዳር 10 ቀን 1958

ለክብርት እህቴ

ረመዷን እየቀረበ ነው፤ አላህ ለሁላችን በጤና ያድርሰን። ጾሙ ሳይገባ ይህን ልጽፍልዎ ቸኮልኩ።

ሰው አገኘሁ። አው ኢስሓቅ ይባላሉ፣ አቦከር ሰፈር ነው የሚኖሩት። ጣሊያኖች ለካምፑ ወጥ ቤት ውሃ እንዲቀዱ ወስደዋቸው ነበር። መምህር ኪዳነወልድ ቀድሞ ስለሚያውቃቸው ልምምዱን እንዲያዩ አመጣቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ምርመራው የሚካሄደው ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለው ክፍል ነበር፤ በሩም ለሙቀቱ ሲባል ክፍት ነው። አው ኢስሓቅ የወጥ ቤት ጣሊያንኛ ለምደዋል። አባታችንን ያመጡት ዕለት ካፒቴኑ አንድ የተቀደደ ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ከጥራዙ የሽፋን ገበታ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ወጥቷል። «ይህን እዚህ ያስገባው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባታችን በራሳችን ቋንቋ የመለሱት እንዲህ ነው፦

«ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጠራዥ ሁሉ አሮጌ ወረቀት በሙጫ ደራርቦ ገበታውን ያጠነክራል፤ ወረቀቱን በክምር ከገበያ ነው የምገዛው፣ ምን እንደተጻፈበት አላውቅም።»

አስተርጓሚው ወደ ካፒቴኑ ዞሮ በጣሊያንኛ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ያስገባሁት እኔ ነኝ ይላል።»

ካፒቴኑ ጻፈ። አባታችን የተነገረው ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ቀና ብለው ይጠብቁ ነበር። አስተርጓሚው «ኻላስ፣ ተመልሷል» አለና ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

እትዬ፣ አባታችን ያመኑት ነገር የለም። ያስያዙት ሰውም የለም። ይህን ለማወቅ ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀብን።

አስተርጓሚው የዚህ ከተማ ሰው አልነበረም። እናቱ የኛ ሰው ናት፣ ያደገው ግን ዘይላ ነው ይባል ነበር። ካምፑ ሲዘጋ ጠፋ። ስሙን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ እስረኛው ሁሉ «ቱርጁማን» ነበር የሚለው። አው ኢስሓቅ ግን አኳኋኑን አንድ በአንድ አስተምረውኛል። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ከመጀመሪያው አንጓ በላይ የለችም። መልስ ከመስጠቱ በፊት ያችን ጉማጅ በአውራ ጣቱ ያሻሻል። ነገር ሊዘጋ ሲፈልግ «ኻላስ፣ ተመልሷል» ይላል። እኔም ጣቴን አጥፌ በጥቁር ክር እያሰርኩ እለማመዳለሁ። አው ኢስሓቅ መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

መምህር ኪዳነወልድ የጻፈው እስረኛ ደብዳቤ የሚደብቅ ጀግና ነበር። የአባቴ ቃል እንዳለ ይግባ ብዬ ለመንኩት፣ አስገባው።

ወንድምዎ ዐብዱናስር

*

ዓደን
ጥር 26 ቀን 1958

ለዐብዱናስር ዩሱፍ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶናል። ጾሙም ዒዱም በሰላም አልፏል።

የቴአትሩን ነገር ሁላችን ስላልወደድነው ተወው። ለሞተ ሰው የሚጠቅም ነገር የለውም፤ ላለ ሰው ግን ጠላት ያተርፋል። ሐጂው እዚህ የልብስ ስፌት ሱቅ ሊከፍቱልህ አስበዋል። መርከቡንና ፈቃዱን እሳቸው ይጨርሳሉ፣ አንተ እስከ መጋቢት መጨረሻ ተዘጋጅተህ ውጣ። ቤቱን አው ሳኒ ይጠብቁታል።

መብሩካ

*

ሐረር
የካቲት 8 ቀን 1958

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ መብሩካ

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ነው። የእርስዎ ግን እንደ ሁልጊዜው አልመጣልኝም። «ሁሉንም ጻፍልኝ» ብለውኝ ሁሉን ጻፍኩ። ከሁለት ወር በላይ ጠብቄ ያገኘሁት መልስ ስለ አባታችን አንድ ቃል የለውም። አልቅሰው እንደሆነ፣ ተቆጥተው እንደሆነ አላውቅም። ታመው ነበር? ስሜን ከነአባቴ ጽፈው፣ ምርቃት እንኳ አልላኩልኝም።

ትናንት አው ሳኒ ከጊደር መጋላ ገበያ ሱቄ ድረስ መጡ። የሐጂው የቆዳና የቡና ወኪል ሆነው ስንት ዓመት ሲኖሩ በሬን ረግጠው አያውቁም። ቆመው መኪናዋን ዳሰሷት።

«ይህች የማን ናት?»

«የኔ።»

«የገዛልህስ?»

«ሐጂው።»

«እናትህ ስትሞት ከፈኗን ያስገዛው ማን ነው?»

«ሐጂው ናቸው፤ አላህ ይስጣቸው።»

«እንግዲያው ሐጂው ሲናገሩ ስማ። ደሞ ጣትህንም እያጠፍክ ነው አሉ የምትጫወተው። እሱን ከዛሬ ጀምሮ ተው።»

እትዬ፣ ልምምዱ በር ተዘግቶ ነው። ስለ ጣቱ የጻፍኩት ለእርስዎ ብቻ ነው። ለአው ሳኒ ማን ነገራቸው? የዓደን ነጋዴ ከሆኑት ከሐጂ ዐብዱልመሊክ ጋርስ የአንድ የካምፕ አስተርጓሚ ጣት ምን ያገናኘዋል?

ሐጂውን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ሽማግሌ ልከው፣ በወኪል ኒካሕ አስረው ሲወስዱዎ ስምንት ዓመቴ ነበር። የላኩልን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ተቀምጠዋል፣ ግራ እጃቸው በኩታቸው ስር ነው። ዛሬ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ ብዙ አየሁት።

የምጠረጥረውን በወረቀት ላይ ማስፈር ፈራሁ። ተሳስተሃል ይበሉኝ።

ዐብዱናስር

*

ዓደን
የካቲት 30 ቀን 1958

ለአይኔ ብርሃን ለዐብዱናስር

አላህ ልብህን ያጽናልኝ፤ የምነግርህ ቀላል አይደለም። ጽሕፈቱ ሌላ መሆኑን አይተሃል። ይህን የምትጽፍልኝ ትዕግሥት ናት፤ እዚህ ሆስፒታል የምትሠራ ያገር ሰው፣ ጎረቤቴ ናት። ከእንግዲህ መልስህን በሷ ስም ወደ ሆስፒታሉ ላከው። በጥር የተጻፈልህን ደብዳቤ ሐጂው በስሜ አስጻፉት እንጂ እኔ አላስጻፍኩትም። መጻፉንም ያወቅሁት መልስህ ሲመጣ ነው። ያን መልስህን እንደሻው ለሐጂው ሳያሳይ ደብቆ በትዕግሥት እጅ ላከልኝ። ሰውየው ሕሊና ነበረው።

አልተሳሳትክም።

የኅዳሩን ደብዳቤ እንደሻው ሲያነብልኝ ሐጂው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የአባታችን ቃል ሲነበብ እኔ እያለቀስኩ ነበር። እንደሻው «የግራ እጁ ትንሿ ጣት» ሲል አንገቴን ሳላዞር ዓይኔ ወደ እጃቸው ሄደ። ሃያ አራት ዓመት ያጠብኳት እጅ ናት። ሕፃን ሆነው በር ቆረጣት ብለውኝ ነበር። እጃቸው ቀስ ብላ ከኩታው ስር ገባች። እንደሻው ቀጠለና «ኻላስ፣ ተመልሷል» የሚለውን አነበበ። በቤታችን የዋጋ ክርክር ሁሉ የሚዘጋው በዚህ ቃል ነው፤ ልጆቹ እንኳ አባታቸውን ሲያስመስሉ ይሉታል። እንደሻው ቀና ብሎ አላየንም። ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንበትም። ጾሙን ጾምን፣ አብረን አፈጠርን። አፌ ለምዶ ዛሬም «እሳቸው» እላለሁ፤ አትቀየመኝ።

እስካሁን የማላውቀው ነገር ለምን እኔን እንዳገቡኝ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ «አባት የሌላትን የድሀ ልጅ ከባሕር ማዶ ፈልጎ የሚያገባ እንዴት ያለ ደግ ነው» ብሎ ነበር። ፈልገው እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ዐብዱናስር፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ቴአትሩን አትተው፤ የአባታችን ቃል ይሰማ። ጣቱንና ያን አባባል ግን ተውልኝ። ከሐረር ዓደን የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃቸዋል። ባለፈው ዓመት የተዳረችውን ልጄን ባሏ የባንዳ ልጅ ብሎ ቢመልስብኝስ? ፈሂማ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እነሱ ምን አጠፉ?

እህትህ መብሩካ

*

ሐረር
መጋቢት 14 ቀን 1958

ለእህቴ

ሰላምታ ለመጻፍ ብዙ ሞከርኩ፣ እጄ አልታዘዘኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት መኪናዋ ፊት ተቀመጥኩና እግሬ መርገጫውን አልነካም አለ። ለመውሊድ ያዘዙኝ ልብስ ተቆርጦ ተቀምጧል። በማግሥቱ መኪናዋን በአህያ ጭኜ ጊደር መጋላ ወሰድኩና ከአው ሳኒ መጋዘን በር አስቀመጥኳት። «ምን ማለትህ ነው?» አሉኝ። «ባለቤቷ ያውቃል» አልኳቸው። አሁን ከጎረቤቴ ዘንድ ተጠግቼ፣ እሱ ለምሳ ሲነሳ በሱ መኪና እሰፋለሁ።

መምህር ኪዳነወልድ ዘንድ ሄጄ ልተወው ነው አልኩት። ተዋናይ ካሁን በኋላ ከየት ላምጣ ብሎ ለመነኝ። ቀጥሎም «ሰውየውን አወቅኸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ካወቅሁት ስሙን በቴአትሩ መጨረሻ መድረክ ላይ እንድጠራ ይፈልጋል። አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ግን እትዬ፣ ዝም ባልኩ ቁጥር የእሱን ሥራ የምሠራ ይመስለኛል። እሱም እያወቀ ነው ዝም ያለው።

በልምምድ ላይ ለማ የአባታችንን ቃል ይናገራል፤ እኔ ግማሹን ብቻ ለወርቁ እነግረዋለሁ። በየቀኑ ይህን አደርጋለሁ። ትናንት ለማ «ስትተረጉም ለምን አታየኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ቱርጁማንስ ሲተረጉም አባታችንን አይቶ ነበር?

ስለ ልጆቹ ያሉኝ እውነት ነው፤ እህቴ ከጠየቀችኝ ጣቱን እተዋለሁ። በምትኩ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ያችን ግማሽ ቃል ምን ብሎ አስቀራት? ቢጠላው ነው? ተከፍሎት ነው? ይህን ሳላውቅ እንዴት ሆኜ እንደምጫወተው አላውቅም።

ዐብዱናስር

*

ዓደን
ሚያዝያ 2 ቀን 1958

ለወንድሜ

የአባታችን ነፍስ በጀነት ትረፍ፤ ለአንተም አላህ ሰፊ ደረት ይስጥህ። ያልከኝን ጠየቅሁ።

የዒድ አረፋ ዕለት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብቻችንን ቀረን። ልጆቹን ጎረቤት ላክኋቸው። «ሐጂ» አልኳቸው፣ «ያ ጠራዥ አሮጌ ወረቀት ነው ሲል ሰምተውታል?»

ለመካድ እንኳ አልሞከሩም። ሲጠብቁኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

«ሰምቼዋለሁ» አሉኝ።

«ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። የእናቴ ወንድምም ጠራዥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ካፒቴኑ ረጅም መልስ አይወድም ነበር» አሉ።

ሌላ ነገር ይከተላል ብዬ ጠበቅሁ። አልተከተለም። ዐብዱናስር፣ ጥላቻ ቢሆን፣ ገንዘብ ቢሆን፣ ቢያንስ አባቴ በአንድ ነገር ተመዝኖ ሞተ እል ነበር።

«እኔን ያገቡኝ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ሚስቱና ልጆቹ ተቸገሩ ሲሉ ሰማሁ። በቤቴ የምትበሊው ሁሉ ከዕዳዬ የሚቀነስ መስሎኝ ነበር።»

«ተቀነሰልዎ?»

«ኻላስ መብሩካ፣ ተመል...» አሉና አቋረጡት። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሃያ አራት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከጎናቸው አልሄድኩም። እንደ ወትሮው ሻይ አፍልቼ አስቀመጥኩላቸውና ወጣሁ።

አሁን ልመናዬን እመልሰዋለሁ። ጣቱን አትተው። አባባሉንም አትተው። ስሙን አትጥራ፤ ስሙ የልጆቼም ስም ነው። ሰውየውን ግን እንደነበረ አሳየው። ስለ ልጆቼ ብዬ ከቃሉ ግማሹን አስቀርልኝ ብዬህ ነበር፤ ይህን ስልህ ከማን ጋር እንደተመሳሰልኩ ሻዩን ሳፈላ ገባኝ። ላገባችው ልጄ እኔ ራሴ ነግሬያታለሁ። አልቅሳ አልቅሳ ባሏን ጠራችና በፊቴ ነገረችው። እሱም የሚስቱን እጅ ይዞ «እኔ ያገባሁት አንቺን ነው» አላት። ለፈሂማ ገና አልነገርኳትም።

ክፉ ሰው አድርገህ አትጫወተው። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መብሩካ

*

ሐረር
ግንቦት 1 ቀን 1958

ለምወድዎና ለማከብርዎ እህቴ

አላህ ያጽናናዎ፤ እኔንም አጽናንቶኛል። ቴአትሩ በሚያዝያ ሃያ ሰባት ከቀትር በኋላ ታየ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር። ከፊት ሹማምንት፣ ከኋላቸው ነጋዴው፤ አው ሳኒም ከነጋዴዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። የኛ ሴቶች በጎን በኩል ተለይተው ነበር። አው ኢስሓቅን ከግድግዳው ጥግ አስቀመጥኳቸው።

ወርቁ ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ ሲወጣ ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔ ስወጣ ሳቁ ጠፋ። እርስዎ እንዳሉኝ አደረግሁ። አልጮህኩም፣ ዓይኔን አላጉረጠረጥኩም። ሥራውን ጨርሶ ወደ ምሳው ሊሄድ እንደሚፈልግ ሰው ሆንኩ። ለማ የአባታችንን ቃል በሙሉ ተናገረ። ጉማጇን ጣት አሻሸሁ። ከነጋዴዎቹ ወገን አንድ ሰው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሲል ሰማሁት። አው ሳኒ ራሳቸውን አቀረቀሩ።

«ያስገባሁት እኔ ነኝ ይላል» አልኩ። ወርቁ ጻፈ። «ኻላስ፣ ተመልሷል።»

ያኔ ከግድግዳው ጥግ «አልተመለሰም» የሚል ድምፅ መጣ።

አው ኢስሓቅ ቆመው ነበር። በጽሑፉ የለም፣ ማንም አልነገራቸውም። «አልተመለሰም፣ ቀሪ አለው» አሉ። ቀጥለውም ቀሪውን ተናገሩ፦ አሮጌ ወረቀት እንደሆነ፣ ጠራዥ ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ሰውየው ምን እንደተጻፈበት እንደማያውቅ። መጀመሪያ በኛ ቋንቋ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ መጨረሻ ላይ በዚያ በተሰባበረ የወጥ ቤት ጣሊያንኛቸው ወደ ወርቁ ዞረው። ወርቁ ምስኪን ብዕሩን እንደያዘ ቆመ። ግራ ገባውና «ሰምቻለሁ» አላቸው፤ በአማርኛ። ማንም አልሳቀም። ከሴቶቹ ወገን አንዲት ሴት «የአው ዩሱፍ ቃል ነው» ብላ ስታለቅስ ተሰማች። ቴአትሩ ከዚያ በኋላ አልቀጠለም። መምህር ኪዳነወልድ መጋረጃውን ዘጋው። ስም ጥራ ብሎ ዳግም አልጠየቀኝም።

ስወጣ በር ላይ አንድ ጎረምሳ «አንተ ባንዳ» ብሎ አንገቴን አነቀኝ። ያስጣለኝ ወርቁ ነው፣ የጣሊያን ልብሱን ሳያወልቅ። «ጣሊያኑ ባንዳውን አዳነው» ብለው ያን ጊዜ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከብዙ ወር በኋላ።

ነጋዴዎቹ አውቀዋል። በጊደር መጋላ የሐጂውን ስም ማንም አያነሳም፤ ይህ ከመስደብ ይብሳል። አው ሳኒ ሱቄ መጥተው ቁጭ አሉ። «አላውቅም ነበር፤ ወላሂ አላውቅም ነበር» አሉኝና ሄዱ። ባለፈው ጁሙዓ ደግሞ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ለአባታችን ዱዓ አደረጉ። በሃያ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነው። መቃብር የሌለው አባት ስለሆነ እጃችንን ወደ የት እንደምንዘረጋ አላወቅንም፤ ወደ ባቢሌ መንገድ ዞረን ዘረጋን።

እርስዎስ? ምን ሊሆኑ ነው? ቤቱ የእርስዎ ነው።

ወንድምዎ ዐብዱናስር

*

ጅቡቲ
ሰኔ 6 ቀን 1958

ለዐብዱናስር፣ የእናቴ ልጅ

አላህ በሰላም ያገናኘን። ይህን የሚጽፍልኝ ባቡር ጣቢያው በር ላይ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነው፤ አላውቀውም። ከእንግዲህ ማን እንደሚሰማኝ መምረጥ ትቻለሁ።

ደብዳቤህን ትዕግሥት ስታነብልኝ ሐጂው እንዲሰሙ በሩን ከፍቼው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙ። በማግሥቱ ወደ አገሬ እሄዳለሁ፣ ፈሂማን እወስዳለሁ አልኳቸው። አልከለከሉኝም። አንቺ እዚያ ምን ትበያለሽ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ታላቁ ልጄ ከአባቱ ጋር ቀረ፤ ታመዋል፣ ጥሏቸው ቢመጣ እኔም አልወድለትም ነበር።

ወደብ ድረስ ሸኙን። ጀልባዋ ልትነሳ ስትል «ለወንድሜ የሚሉት አለ?» አልኳቸው።

«አንቺ የምትይውን በይለት» አሉኝ።

«እኔ ምንም አልልም። እርስዎ ይበሉ፤ እንዳሉት አደርሳለሁ።»

ሠራተኛው ገመድ እየፈታ ነበር። በመጨረሻ «ፈርቼ ነበር በይው» አሉ። «ዝም ካልኩ ካፒቴኑ እኔን አያየኝም ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉ ሰው የሚያየኝ እየመሰለኝ ኖርኩ። ይቅር በለኝ አልልም በይው።»

ያሉት ይኸው ነው። አንተ የምታደርገውን አድርግ። እኔ ይቅር አላልኳቸውም፣ አልረገምኳቸውምም፤ ሰው ሁለቱንም ሳያደርግ መኖር ይችል እንደሆነ አገሬ ገብቼ አየዋለሁ።

ለፈሂማ ጀልባው ላይ ነገርኳት። ባሕሩን እያየች ሰማችኝ። ከዚያ «አጎቴ ይጠላኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አቃተኝ፤ አይጠላሽም አልኳት። በስምህ የተናገርኩት ነው፤ ውሸታም አታድርገኝ።

ባቡራችን ሐሙስ ጠዋት ድሬዳዋ ይገባል። ጣቢያው ድረስ ና። እኔን ላታውቀኝ ትችላለህ፤ አርጅቻለሁ። ፈሂማን ግን ታውቃታለህ፤ ግድግዳህ ላይ ባለው በሐጂው ፎቶግራፍ መልኳን አይተሃል፣ ቁርጥ አባቷን ናት። ስታያት ፊትህን እንዳታዞርባት።

እህትህ
መብሩካ ዩሱፍ